የአዞ ወንዝ አፍ

ስሙ የአዞ ወንዝ ነው፤ አዞ አታይበትም፤
የመጨረሻውን ያዩ ሰዎች እንኳ አልቆዩም።
ጂስር አል-ዘርቃ ላይ፣ አሸዋውን አልፎ
ከባሕር ይገባል፣ ደክሞት፣ ተጣጥፎ።

እዚያ ነው ሥራዬ።
ከኦር አኪቫ በብስክሌት፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ባሕሩ ሸሸት ሲል፣ ጭቃው ሲጋለጥ እንደ ሆድ፣
ሃያ ሊትር በጀርባዬ፣ በእጄ ቀጭን ቧንቧ፣
ጭቃ ላይ እረጫለሁ፣ እንደሚያጠጣ አበባ።

ጣት የሚያህል ፍጥረት አለ፣ ጎሬውን ይምሳል፤
እሱ ቤት በሠራ ቁጥር የኦይስተሩ አልጋ ይፈርሳል፤
ዛጎሉ ይሰምጣል፣ አፉን ጭቃ ይሞላዋል።
ለዚህ ነው ደመወዜ።
አለቃዬ ኦዴድ "መድኃኒት" ነው የሚለው።
"የታመመው ማነው?" ብዬ አንድ ቀን ብጠይቀው
ሳቀና የኪሳራውን ቁጥር በጣቱ ጠቆመው።

አራት ካስማ ተክሎ ቀይ ገመድ ወጥሯል፤
"ከዚህ አልፎ አይሄድም፣ ተለክቷል" ይላል።
ውሃ መቼ ፊደል ቆጠረ?
ገመዱ ሥር ሾልኮ አደረ።

ዛጎሉን እኔ አልበላም፤
ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው፣ ኦሪት አልፈቀደውም።
ኦዴድም አይቀምሰው። በበረዶ ታሽጎ
ቴል አቪቭ ይሄዳል፣ ነጭ ጨርቅ ወደ ተነጠፈበት፣
ሎሚ ጠብ አድርገው፣ ዓይን ጨፍነው ወደሚውጡት።
አልበላም ብዬ ስኮራ ከረምኩ።
አፌን እንዲህ ስጠብቀው
እጄን ማን ጠበቀው?

"መጀመሪያ ሸርጣኑ ነው" አለኝ ሽማግሌው ሐምዳን፣ መረቡን እየጠገነ፤
"በጎን መሄድ ትቶ፣ በጀርባው ተጋድሞ ባከነ።
ከዚያ የቡሪ ጫጩት፣ ለማደግ ወደ ጣፋጩ ውሃ የሚወጣው፣
በአባቴ ዘመን እንደ ሰሊጥ ወንዙን የሚያጠቁረው።
ሳቢሳዋ አሁንም ቆማ ትጠብቃለች፤
የምትጠብቀውን ግን የረሳች ትመስላለች።"
ማን እንዳደረገው አልጠየቀኝም።
ቦት ጫማዬን አየ፤ ከዚያ ቀና አላለም።

እናቴ ሬሳ አጠበች፣ የታናሽ እህቷን፤
ሰባት ቀን ቆጥራ መጣች፣ አጥፋ ነጠላዋን።
መገጭ ወንዝ ዳር ሳለን ጎረቤት "አትንኩኝ" ይለን ነበር፤
ስድብ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነበር፤
እሷ ግን እንደ ማዕረግ ይዛው ባሕር ተሻገረች።
"የቧንቧው አያነጻኝም፣ ታስሮ ነው የመጣው" አለች፤
"የሚፈስ ነው የምሻው።
አንተ ወንዝ ዳር አይደል የምትሠራው?"

ዓርብ ነበር። ሐሙስ ረጭቻለሁ እኔ።
"ደርቋል" አልኳት ያኔ።
ዝቅ ብላ አየችው እግሬን።
"ደረቀ ያልከው ወንዝ" አለች፣ "አርሶታል ጫማህን።"

ብዙ ዝም አለች። በመጨረሻም፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው፦
"ሰው ሲረክስ ወንዝ ይወርዳል፤
ወንዝ ሲረክስ የት ይወርዳል?"

የት እንደሚወርድማ አውቃለሁ፤
በየሳምንቱ እሸኘዋለሁ።

እሑድ፣ ጭለማው ሲሳሳ፣ ካስማው አጠገብ
አንድ ሸርጣን አገኘሁ፣ ሆዱ ወደ ሰማይ፣
እግሮቹ አየር ላይ የሌለ ነገር ሲቧጥጡ።
ጓንቴን አወለቅሁ። በጣቴ ገለበጥሁት።
በጎኑ ሄደ፣ ሁለት እርምጃ፣
ቆመ።

ጋኑ ጀርባዬ ላይ ነው፤ ገና ሙሉ ነው፤ ማሰሪያው ትከሻዬን ይበላኛል።
ከድልድዩ ማዶ
የኦዴድ መኪና መብራት ይታያል።